ውርጭ ያጣበቀው ተራራ

በትምህርት ቤት «ሰመር» ማለት ክረምት፣ «ዊንተር» ማለት በጋ ነው ተብለን ነው ያደግነው። በወር አቆጣጠሩ ስሕተት የለበትም። አየሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች «በጋ» ሲባል የአውሮፓ ሞቃት ወቅት፣ «ክረምት» ሲባል ቀዝቃዛው ነው። እኛ ጋቢ ደርበን የሐምሌን ዶፍ በመስኮት ስንመለከት፣ በፈረንሳይ ምሥራቃዊ ጠርዝ ባለችው የሻሞኒ ሸለቆ ሰው በካኔተራ ይዞራል፤ አይስክሬም ቤቶቹ ደጅ ሰልፍ ይታያል፤ አንዳንድ ቀን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ያው ሰው ቀና ሲል ግን የሚያየው ነጭ በረዶ ነው። ከተማዋ ያለችው በ1,035 ሜትር ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ በእጅጉ ዝቅ ትላለች። ከራስጌዋ የቆመው ሞን ብላን ደግሞ ከ4,800 ሜትር በላይ ነው፤ ራስ ዳሽንን ይበልጣል።

በዚህ ሸለቆ ተራራ ሊወጣ የመጣ ሰው የቀኑን ሙቀት ከመጠየቁ በፊት ሌላ ነገር ይጠይቃል፤ «ትናንት ሌሊት እላይ ውርጭ ጥሏል?» ይላል። ሰው ከሙቀት ሸሽቶ በሚመጣበት ወቅት ይህ ጥያቄ ለምን እንደሚቀድም ማስረዳት ነው የዚህ ጽሑፍ ዓላማ።

ሁለት ግድግዳ ያላት ሸለቆ

ሻሞኒ በሁለት የተራራ ረድፎች መካከል የተዘረጋች ጠባብ ሸለቆ ናት። በደቡብ ምሥራቅ በኩል የሞን ብላን ሰንሰለት አለ። ከፊት ለፊቱ፣ በሰሜን ምዕራብ፣ በድንጋያቸው ቅላት «ቀይ መርፌዎች» የተባሉት ተራሮች ይቆማሉ። መካከሏን የአርቭ ወንዝ ሰንጥቋት ያልፋል። ወንዙ በበጋ የሚሞላው በአብዛኛው በቀለጠ በረዶ ነው። ቀለሙ ግራጫ ነው፤ ምክንያቱም የበረዶ ግግር ቁልቁል ሲንሸራተት ሥሩ ያለውን ድንጋይ እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል፣ ውኃውም ያን ዱቄት ይዞ ይወርዳል። ከግግር የሚነሡት ጅረቶች ጠዋት ቀለል ብለው ይፈስሳሉ፤ ፀሐይ በረዶውን ካገኘችው በኋላ እየሞሉ ይሄዳሉ። ጠዋት በድንጋይ ላይ እየዘለሉ የተሻገሩት ጅረት ማታ መመለሻ ሊከለክል ይችላል።

ሞን ብላን ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጣው ኦገስት 8 ቀን 1786 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የወጡት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ የሻሞኒ ሐኪም ሚሼል ጋብሪኤል ፓካርና ከተራራ ክሪስታል እየለቀመ የሚሸጠው ዣክ ባልማ። በ1820 ሦስት የተራራ መሪዎች በበረዶ ናዳ ከሞቱ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት የሻሞኒ መሪዎች ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ ዛሬም ይሠራል። በ1924 የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ የተካሄደውም እዚሁ ነው።

በበጋ ወደዚህ የሚመጣው ሰው ሁሉ ግን ጫፍ ሊወጣ አይመጣም። ሞን ብላንን ዞሮ በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በስዊዘርላንድ የሚያልፈውን 170 ኪሎ ሜትር ያህል የእግር መንገድ በብዙ ቀን የሚጨርስ አለ። ድንኳኑን ሜዳ ላይ ተክሎ ከልጆቹ ጋር የሚሰነብት አለ። ቀትር ሲቃረብ የሞቀው አየር ሽቅብ ሲነሣ በጃንጥላ መሰል ክንፍ ተንጠልጥሎ የሚበር አለ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ደግሞ ጋያን የሚባል ገደል አለ፤ ከሥሩ ሣርና ትንሽ ሐይቅ ስላለ አባትና እናት ተቀምጠው ልጆቻቸው በገመድ ታስረው ድንጋይ ሲቧጥጡ ያያሉ።

ለድንጋይ ወጪ ሙቀት የመጀመሪያው ጠላት ላብ ነው። ጣት ሲያልበው ዓለት ያንሸራትታል፤ ለዚህ ነው ወጪዎች ወገባቸው ላይ ባሰሩት ከረጢት ነጭ ዱቄት፣ ማለትም ማግኒዚየም ካርቦኔት፣ ይዘው እጃቸውን ደጋግመው የሚነክሩት። የጫማው ጎማም በጋለ ዓለት ላይ ሲለሰልስ መያዙን ይቀንሳል። ስለዚህ ወጪው ጥላ ይከተላል። «ቀይ መርፌዎቹ» ፊታቸውን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስላዞሩ ፀሐይ ጠዋት ታገኛቸዋለች። የሞን ብላን ወገን ደግሞ ፊቱ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ጥላ ነው፤ ፀሐይ የምትደርስበት አርፍዳ ነው። ይህ ሁሉ ከታች ያለው ጣጣ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን ሙቀት የሚያስቸግረው ሰውን ብቻ መሆኑ ይቀርና ተራራውን ራሱን መንካት ይጀምራል።

ካቡና ጭቃው

በገጠር ካብ የካበ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፤ ድንጋዮቹን አጥብቆ የሚይዛቸው በመካከላቸው የገባው ጭቃ ነው። ጭቃው በዝናብ ሲታጠብ ካቡ ወዲያው አይወድቅም። ለጊዜው ይቆምና አንድ ቀን ሳይታሰብ ይናዳል። ከፍተኛው የአልፕስ ተራራም እንደዚያው ነው። ዓለቱ ከሩቅ አንድ ወጥ ይመስላል፤ ሲቀርቡት ግን በስንጥቅ የተሞላ ነው። በስንጥቆቹ ውስጥ ገብቶ የበረደው ውኃ ቋጥኙን ከቋጥኝ አጣብቆ ይይዘዋል። ቢያንስ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳያቋርጥ ከዜሮ ዲግሪ በታች የቆየን መሬት ወይም ዓለት ሳይንቲስቶች ፐርማፍሮስት ይሉታል። ጭቃው እሱ ነው።

ሙቀት ሲበረታ ከላይ ያለው በረዶ ይቀልጣል፤ ትንንሽ ድንጋዮች መያዣቸውን አጥተው ይወርዳሉ። የቀለጠው ውኃ ደግሞ በስንጥቁ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ሙቀቱን ይዞ ይገባል፣ መውጫ ሲያጣም ዓለቱን ይገፋል። ከዚህም ሌላ በረዶ ለመድከም የግድ መቅለጥ የለበትም፤ ከዜሮ አሥር ዲግሪ በታች ያለ በረዶ ከዜሮ አንድ ዲግሪ በታች ካለው በጣም ይጠነክራል። ሙቀት በዓለት ውስጥ የሚጓዘው በዝግታ ነው። ላይ ላዩን በሰዓታት ይደርሳል፤ ጥልቁን ለማግኘት ግን ወራት ይፈልጋል። ስለዚህ ትንንሹ ናዳ ቀትር ካለፈ በኋላ ሲበዛ፣ ትልልቁ አንዳንዴ ሙቀቱ ካለፈ በኋላ፣ በመከር ወቅት ይመጣል።

ጭቃው ሲላላ ካቡ እንደሚናድ ድሩ የሚባለው ተራራ ምስክር ነው። ከሻሞኒ ሲያዩት ሰማይ የሚወጋ ጦር ይመስላል። በኦገስት 1955 ጣሊያናዊው ዋልተር ቦናቲ ብቻውን ስድስት ቀን ሙሉ ታግሎ የተራራውን ደቡብ ምዕራባዊ ምሰሶ ወጣ፤ ምሰሶው በስሙ ተጠራ። በጁን 2005 መጨረሻ ያ ምሰሶ ተገንጥሎ ወደቀ። የወረደው ዓለት 292,000 ሜትር ኩብ ነበር። አንድ ሲኖትራክ 16 ሜትር ኩብ ይጭናል ብንል፣ ከ18 ሺህ በላይ ሲኖትራክ የሚሞላ ነው። ዛሬ በቦታው ገርጥቶ የሚታይ ጠባሳ አለ፤ የቦናቲን መንገድ ልድገመው የሚል ሰው የሚይዘው ድንጋይ የለም።

ገበሬው የሚፈራው ሌሊት

የውርጭን ነገር ለኢትዮጵያ ደገኛ ገበሬ ማስተማር አያሻም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ከዋክብቱ ሲደምቁ፣ ነፋሱ ሲረጋ፣ «ዛሬስ ባቄላዬን ሊመታብኝ ነው» ብሎ ይሰጋል። ደመና ካለ ግን ተረጋግቶ ይተኛል። መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ ደመና እንደ ጋቢ ሲያለብሳት ሙቀቱ ይቆያል፣ ሰማዩ ባዶ ሲሆን ሙቀቱ ይሄዳል።

በሞን ብላንም ሕጉ ያው ነው። ልዩነቱ ገበሬው የሚፈራውን ሌሊት ተራራ ወጪው የሚመኘው መሆኑ ነው። ጥርት ባለ ሌሊት ቀን የላላው በረዶ እንደገና ይጠነክራል፤ ጫማ ሥር የሚታሰረው የብረት ጥርስ፣ ክራምፖን የሚሉት፣ በደንብ ይይዛል፤ በግግሩ ስንጥቆች ላይ የተዘረጋው የበረዶ ድልድይ ሰው ይሸከማል፤ ልቅ ድንጋይም ተጣብቆ ያድራል። በደመናማ ሌሊት ግን የአየሩ ሙቀት ዝቅ ቢልም በረዶው ሳይጠነክር ሊነጋ ይችላል። ስለዚህ ማታ ደመና የወረሰው ሰማይ፣ ለታች ነዋሪ ደስ የሚል ቢሆንም፣ ለላይኛው መጥፎ ዜና ነው።

የአየር ትንበያ ሰዎች «የዜሮ ዲግሪ መስመር» የሚሉት አለ፤ አየሩ ከዜሮ በታች መሆን የሚጀምርበት ከፍታ ማለት ነው። በኦገስት 2023 አንድ ሌሊት በስዊዘርላንድ ከፓየርን የተለቀቀ የመለኪያ ፊኛ ይህን መስመር በ5,298 ሜትር ላይ አገኘው፤ በዚያ አገር ልኬት ከተጀመረበት ከ1954 ወዲህ ከፍተኛው ነው። ሞን ብላን በዚያው ዓመት ሲለካ 4,805.59 ሜትር ነበር። በዚያ ሌሊት የአውሮፓ አልፕስ ከፍተኛ ጫፍ ሳይቀር ከመስመሩ በታች፣ በሞቀው አየር ውስጥ ነበር ማለት ነው።

የወጪውን ሰዓት የሚወስነው ይኸው ነው። በተራራ ማደሪያ ራት ገና ሳይመሽ ይበላል፤ ሰው በጊዜ ይተኛል። ከሌሊቱ ሰባትና ስምንት ሰዓት ላይ ይቀሰቀሳል። ግማሽ እንቅልፍ በዓይኑ እያለ ሻይና ዳቦ ይቀምሳል፤ በር ላይ ጫማውን ያጠብቃል፣ መታጠቂያውን ያስራል፣ ሄልሜቱን ደፍቶ የግንባር መብራቱን ያበራል። ከዚያ አንድ ሥራ አለ፤ በጫማው አፍንጫ በረዶውን ይመታዋል። ቀጭ ካለ መንገድ ነው። ቁርጭምጭሚት ድረስ ከሰመጠ ልምድ ያለው መሪ ደንበኛውን ይዞ ወደ አልጋው ይመለሳል።

የጉቴ መሻገሪያ

ሞን ብላንን ለመውጣት ብዙ ሰው የሚመርጠው መንገድ በጉቴ በኩል ያልፋል። በጥርስ ባቡር 2,372 ሜትር ድረስ ተሂዶ፣ ከዚያ በእግር ቴት ሩስ ወደሚባለው ማደሪያ፣ 3,167 ሜትር ይደረሳል። ቀጣዩ ማደሪያ ጉቴ ነው፤ በ3,835 ሜትር ገደል አፋፍ ላይ በ2013 የተከፈተ፣ 120 ሰው የሚያሳድር እንቁላል መሰል ሕንፃ። በሁለቱ መካከል ቁልቁል የወረደ ገደላማ ቦይ አለ። የሚሻገሩት አጭር ነው፤ ጉዳዩ ግን ከላይ የሚወርደው ድንጋይ ነው።

በረዶ ሲሸፍነውና ሲጠነክር ቦዩ ጸጥ ይላል። በረዶው ሲያልቅ ከላይ የላላው ሁሉ በዚያ ይወርዳል። ድንጋይ የሚበዛው ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ ሲሆን፣ ጠዋት ይሻላል። ወጪዎች ጫፉ ላይ ቆመው ጆሯቸውን ይጥላሉ፤ ጸጥ ሲል አንድ በአንድ ይሮጣሉ። አንዱ ሲሮጥ ሌላው ሽቅብ ይጠብቅለታል፤ ድንጋይ ካየ ይጮኻል። ከ1990 እስከ 2017 በሁለቱ ማደሪያዎች መካከል ባለው በዚህ ክፍል 102 ሰው ሞቷል።

የ2022 በጋ በጣም ሞቃትና ደረቅ ነበር። በጁላይ አጋማሽ የመሪዎች ማኅበራት በጉቴ በኩል ሰው መምራት አቆሙ። ያም ሆኖ የሚሄድ አልጠፋም። የአካባቢው የሳን ዠርቬ ከተማ ከንቲባ ተናደው፣ መውጣት የፈለገ ሁሉ 15,000 ዩሮ ያስይዝ የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ 10,000ው ለነፍስ አድን፣ 5,000ው ለቀብር። በኦገስት መጀመሪያ ሁለቱም ማደሪያዎች ተዘጉ። በዚያው በጋ፣ ጁላይ 3 ቀን፣ በጣሊያን ማርሞላዳ ተራራ ላይ የግግር ክፍል ተገንጥሎ 11 ሰዎችን ገድሏል። አደጋው የደረሰው ቀትር ካለፈ በኋላ ነበር።

ደረጃ የሚቆጥረው ሙቀት

ሙቀቱ ያመጣው ለውጥ ተራራ ለማይወጣም ሰው በዓይን ይታያል። ከሻሞኒ በ1909 የተከፈተ ባቡር ወደ 1,913 ሜትር ያወጣል። ከዚያ ቁልቁል የሚታየው «የበረዶ ባሕር» የሚባለው የፈረንሳይ ትልቁ ግግር ነው። በግግሩ ሆድ በየዓመቱ የሚፈለፈል ዋሻ አለ፤ ሰው ሊያየው ይወርዳል። በ1988 ኬብል ካር ሲተከል፣ ከማውረጃው እስከ በረዶው የነበረው ሦስት ደረጃ ብቻ ነው። በረዶው እየሳሳ ወደ ታች ሲሸሽ ደረጃ እየተጨመረ ከ500 አለፈ። ወራጁ በገደሉ ላይ የተለጠፉ ሰሌዳዎችን ያነብ ነበር፤ በ1990 በረዶው እዚህ ነበር ይል ነበር አንዱ። ብዙ ወርዶ ጉልበቱ ሲዝል ሌላ ያገኝ ነበር፤ የ2010። በረዶው ግን ገና ነበር። በመጨረሻ በ2024 ወደ ላይኛው የሸለቆው ክፍል የሚወስድ ሌላ ኬብል ካር ተሠራ።

ቦሶን የሚባለው ግግር ደግሞ የዋጠውን ይመልሳል። በጃንዋሪ 1966 የኤር ኢንዲያ አውሮፕላን ከሞን ብላን ጋር ተጋጭቶ 117 ሰዎች ሞተው ነበር። በ2020 በጋ ከግግሩ ጫፍ የሕንድ ጋዜጦች ወጡ። ሲደርቁ ይነበቡ ነበር፤ ኢንዲራ ጋንዲ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው መመረጣቸውን ያበሥራሉ። ያን ዜና በረዶው ከሃምሳ ዓመት በላይ አስቀምጦታል።

የወጪውም መጽሐፍ ታርሟል። ጋስቶን ሬቡፋ በ1973 በሞን ብላን ሰንሰለት ምርጥ ያላቸውን መቶ መንገዶች አሳትሞ ነበር። በ2019 የታተመ ጥናት ከእነዚህ 95ቱን መርምሮ 93ቱ በአየር ንብረት ለውጥ መነካታቸውን፣ 26ቱ በብርቱ መለወጣቸውን፣ ሦስቱ ጨርሶ አለመኖራቸውን አገኘ።

ለሚሄድ ሰው

ጄኔቫ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሻሞኒ ለመድረስ የሚነዱት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለቅዳሜና እሑድ የሚሄድ ብዙ ነው። ለሚሄድ ሰው ጥቂት ነጥቦች፦

መጀመሪያ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለው «የተራራ ቤት» የመንገዶችን የዕለት ሁኔታ የሚናገሩ ባለሙያዎች አሉ። ሳይጠይቁ አይውጡ። ትናንት ጥሩ የነበረ መንገድ ዛሬ ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ከሻሞኒ ከተማ የሚነሣ ሌላ ኬብል ካር በሃያ ደቂቃ ከ1,035 ወደ 3,777 ሜትር ያወጣል። ከታች በሸሚዝ የተሳፈረ ሰው ላይ በብርድ ይንቀጠቀጣል። ከፍታው ራስ ያዞራል፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ፀሐይዋም ሌላ ናት፤ በረዶ የሚመልሰው ጨረር ዓይን ያቃጥላል፤ ጥቁር መነጽርና የፀሐይ ቅባት የግድ ነው።

ሦስተኛ፣ ከሰዓት በኋላ የሞቀው አየር ደመና ይገነባል፤ ማታ መብረቅ ይወርዳል። ጠዋት የተነሣ ሰው ቀትር ላይ ወደ ታች መመለስ ይጀምር። ውኃ ከጥም በፊት ይጠጣ። ገላው የጋለ፣ ንግግሩ የተምታታ ጓደኛ ካለ በሙቀት ተመትቶ ሊሆን ይችላል፤ ጥላ ውስጥ አስገብቶ ገላውን በውኃ እያረጠቡ 112 መደወል ነው። በፈረንሳይ ተራራ ላይ የመንግሥት ነፍስ አድን አገልግሎት ክፍያ አይጠይቅም፤ ድንበሩን ተሻግሮ ስዊዘርላንድ ውስጥ ለሚወድቅ ግን ሄሊኮፕተሩ ያስከፍላል፤ መድን ይያዝ።

አራተኛ፣ በግግር ላይ ያለ መሪና ያለ ገመድ አይራመዱ፤ የሌሎች ዱካ ቢኖርም። በበጋ የበረዶ ድልድይ ጠዋት ዐሥር ሰው አሳልፎ ቀትር ላይ አሥራ አንደኛውን ሊጥል ይችላል።

የቀረውን ያችው ጥያቄ ትመልሰዋለች። ሌሊት ላይ ውርጭ ጥሏል ከተባሉ በጊዜ ይነሡ። አልጣለም ከተባሉ ጋያን ጥላ ሥር ይዋሉ፣ ከልጆቹ ጋር ድንጋይ ይቧጥጡ፣ ማታ እግርዎን ውኃ ውስጥ ይንከሩ። የቀረው ሰው ሁሉ «ተራራው የትም አይሄድም» ብሎ ይጽናናል። የቦናቲ ምሰሶ ግን ሄዷል፤ ሲሄድ ከሥሩ ሰው አለመኖሩ ነው ትልቁ ነገር።